«ቀረብሽ» ጠብቆ ነው ላልቶ?

የመጀመሪያ ዘፈናችንን የቀረጽነው ሞጣ፣ ፍራሽ በምሸጥበት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። ምን ላድርግ፣ እኔ ስቱዲዮ የሚባለውን ነገር ያየሁት በስልክ ነው። የማልሰማውን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ግድግዳቸው ላይ ስፖንጅ ሲለጥፉ አየሁና «ውይ፣ ይሄማ እኔ ዘንድ ተቆልሏል» አልኩ። ወፍራም ወፍራሙን ፍራሽ መርጬ ዙሪያውን አቆምኩ፤ አንዱን እንደ መዝጊያ አደረግሁና መሃል ገባሁ። «ኧረ!» ብዬ ብጮህ ድምፄ ከአፌ እንደወጣ እዚያው ጠፋ። ውጭ የሚኒባስ ጥሩምባ አለ፣ አዛን አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ማይክራፎን አለ፣ የፍየል ነጋዴ ጭቅጭቅ አለ። እዚያ ውስጥ ግን ምራቄን ስውጥ ይሰማኛል።

ችግሩ ስቱዲዮዬ የሚሸጥ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ግጥሙ አጋማሽ ላይ ሳለሁ የሙሽራ ወንድም መጣና በስተቀኝ በኩል ያለውን ግድግዳዬን ገዝቶ፣ ተሸክሞት ሄደ።

ባለቤቴ መምህር ነው። ክራር ይጫወታል፣ ግጥም ይጽፋል። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ስለሆነ አነጋገሩ ሁሉ ድርብ ነው። «ውሃ አቀብይኝ» ሲለኝ እንኳ ውሃውን ካቀበልኩት በኋላ፣ ሌላ ምን ሊል ፈልጎ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር ነው የምወደው። ትምህርቴን ገና በጠዋቱ ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅሁት እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየሠራሁ ነው። በላፕቶፕ ድምፅ ማቀናበርንም የተማርኩት እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ ሞጣ አብረን ነበር የምንኖረው። ቢቸና ያሉት እናቱ ዓይናቸው እየደከመ መጣ። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ዝውውር ጠየቀና ሄደ። እኔ ሱቁ አለ፣ ዕቃው አለ፣ ደንበኛው አለ ብዬ ቆየሁ። «ተከተይኝ» አላለኝም። «ልከተልህ?» ብዬም አልጠየቅሁትም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ይሆናል፤ እኛ ሁለታችን ነን የማንጠይቅ። ወራት ሲሄዱ ትዳራችን ይኑር አይኑር የማላውቀው ነገር ሆነብኝ። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም። ስልክ ላይ «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነኝ» ነው። ጠብ ቢሆን እኮ ሽማግሌ ይጠራበታል። ለዚህ ማን ይጠራል?

ሙዚቃ ቤቱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሐሳቡን ያነሳው እሱ ነው።

«አንቺ ትዘፍኛለሽ፣ እኔ ክራሩን እይዛለሁ። ለምን የራሳችን ሙዚቃ ቤት አናቋቁምም? እኛው ቀርጸን እኛው እናወጣዋለን» አለኝ በስልክ።

እሺ ለማለት አልቸኮልኩም እንዳልል ቸኩያለሁ። በየቀኑ የምንደዋወልበት ሰበብ ተገኘ። እሱ ቢቸና ሆኖ ክራሩን በስልኩ ቀርጾ ይልካል፤ ከጀርባው የእናቱ ዶሮ ትሰማለች፣ እሷን አጠፋለሁ። እኔ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁት በፍራሾቹ መሃል እዘፍናለሁ። ከዚያ ሁለቱን አገጣጥማለሁ። ስጨርስ እሱ ጎኔ ተቀምጦ የመታልኝ ይመስላል። ይሄን ዓይነት ውሸት እወደዋለሁ።

ንግድ ፈቃዴ ላይ ሥራውን ላስጨምር ስሄድ ያስተናገደኝ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«ፍራሽና ሙዚቃ?»

«አዎ።»

«አብሮ ይሄዳል እንዴ?»

«የኔ አብሮ ይሄዳል።»

ሳቀና መዘገበልኝ። የሙዚቃ ቤታችንን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ።

የመጀመሪያው ሥራችን የሆነውን ዘፈን የላከልኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በዚያ ክረምት ቢቸና እመጣለሁ ብዬው ሳልሄድ ቀርቻለሁ፤ አንዴ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያስጫንኩት ፍራሽ ዝናብ ላይ እንዳይራገፍብኝ ስጠብቅ። መጀመሪያ ክራሩ መጣ፣ በአምባሰል ቅኝት። ግጥም የለውም፣ ዜማውን በአፍንጫው እያንጎራጎረ ነው የላከው። ቃሉ ኋላ በስልክ መልእክት መጣ። አዝማቹ ይሄ ነው፦

ዝናቡ ሲያባራ፣ መንገዱ ሲቀና፣
የሆዴ ናፍቆቴ ቀረብሽ እንደገና።

ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ስለ ፍራሽ ጨርቅ እየጠየቀኝ ነው ያነበብኩት። «ቀረብሽ»ን አጥብቄ አነበብኩት። ናፍቆቴ ቀረብሽ፣ አመለጠሽ፣ ያጣሽው አንቺ ነሽ፤ ያውም እንደገና። ያቺ «እንደገና» ነች ያቃጠለችኝ። ሳልሄድ የቀረሁባቸውን ቀናት የቆጠረብኝ መሰለኝ። ሰውዬው «ይታጠባል ወይ?» ሲለኝ «አላውቅም» አልኩት። የገዛ ፍራሼ ጨርቅ መታጠብ አለመታጠቡን አላውቅም አልኩት!

ሴት እንደመሆኔ «ቀረብህ» ብዬ መዝፈን ነበረብኝ። ሴት ዘፋኞች ወንድ የጻፈውን እንደዚያ ገልብጠው ነው የሚዘፍኑት። እኔ ግን «ሽ»ዋን አልነካኋትም። ቃሉ እሱ ለእኔ ያለው ነው። ከገለበጥኩት እኔ ለእሱ ያልኩት ሊሆን ነው፤ እኔ ደግሞ ቀረብህ ልለው አልፈለግሁም። ስለዚህ ለእኔ የተላከውን በራሴ አፍ፣ በራሴ ላይ፣ «ብ»ን ጥርቅም አድርጌ አጥብቄ ዘፈንኩት። ቀረጻው ግን አማረ። አገጣጥሜ ላክሁለትና መልሱን ጠበቅሁ።

«ጥሩ ነው። ይውጣ» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ምንም የለም።

ወጣ። ቻናል ከፍተን ጫንነው። አገሩን ያዳረሰልን ግን ሞጣና ቢቸና መሃል የሚመላለሱት ሹፌሮች ናቸው፤ በፍላሽ አድርጌ ለእያንዳንዳቸው ሰጠኋቸው። ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆችም ወሰዱት። ገበያ ስወጣ የራሴ ድምፅ ከሽንኩርት መደብ ጀርባ ይጠብቀኛል።

ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሀጂ አሉ። ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሞጣ ላይ ነጋዴዎች ናቸው፤ እኔን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ፣ መቀለዱንም አይተዉም።

«አንቺ ልጅ፣ ፍራሽ ሸጠሽ ታስተኝናለሽ፣ ዘፍነሽ ትቀሰቅሽናለሽ። አንዱን ምረጪ እንጂ!»

«ረበሽኩዎት እንዴ ሀጂ?»

«የለም፣ ደስ ይላል። ግን ማናት ይቺ የምትዝቺባት?»

«ማንም የለችም።»

«ቀረብሽ፣ ቀረብሽ ትያታለሽ እኮ። መቼም ወንድ አይደለም። ከማን ተጣላሽ? ንገሪኝና ላስታርቅሽ።»

ከራሴ ነው ብላቸው ይስቁብኛል፤ ከባለቤቴ ነው ብላቸው አይስቁም፣ እሱ የባሰ ነው።

በዚያው ሰሞን ፍላሽ ከሰጠኋቸው ሹፌሮች አንዱ ሚኒባሱን ዳር አስይዞ ሰላም ሊለኝ ገባ። ቤቱ ሞጣ ነው፣ ትዳሩም እዚሁ።

«እህት ዓለም፣ ዘፈንሽን ስሄድ አልከፍተውም፤ ከቢቸና ስመለስ ነው የምከፍተው። ሚስቴን እያሰብኩ። ‹ቀረብሽ እንደገና› ስትይ፣ በቃ፣ ደጄ የደረስኩ ይመስለኛል።»

«ምን ስል?»

«ቀረብሽ!» አለ፣ አላልቶ። መጣሽ፣ ተጠጋሽ፣ አጠገቤ ሆንሽ እንደማለት።

«እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው የዘፈንኩት?»

«እንግዲህ የሞተሩ ድምፅ አለ፣ ኮረኮንቹ አለ። እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ስልኬን አወጣሁና መልእክቱን አየሁት። ቀ፣ ረ፣ ብ፣ ሽ። ፊደሉ ያው ነው። ብታጠብቀውም ያው፣ ብታላላውም ያው። ላልቶ ከሆነ «ናፍቆቴ» ያለው እኔን ነው፤ ዝናቡ አባራ፣ መንገዱ ቀና፣ የሆዴ ናፍቆት ሆይ ተጠጋሽኝ ነው የሚለው፤ እየጠራኝ ነው። ጠብቆ ከሆነ ደግሞ አበቃልሽ ነው። ያው አንዱ ቃል «ስጠኝ»ም «እንካ»ም ነው፣ «ነይ»ም «ሂጂ»ም ነው። አንዴ አላልቼ አነባለሁ፣ ደስ ይለኛል። መልሼ አጠብቃለሁ፣ ይጨንቀኛል። መጀመሪያ የተዋወቅነው ቢቸና፣ የዘመድ ሰርግ ላይ ዘፍኜ ነው፤ «እንደገና» ያለው ለዚያ ይሆን? እንዲህ ብዬ ትንሽ እረጋጋለሁ። ታዲያ እየጠራኝ ከሆነ፣ አጥብቄ ስዘፍንበት «ጥሩ ነው፣ ይውጣ» ያለኝ ለምንድን ነው? ውሉ ጠፋብኝ።

ይሄ ሳያንስ አማቴ ደወሉ። የጎረቤት ስልክ ተውሰው ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ሰላምታም የለ። «ምኑ ነው የቀረብኝ?»

«ምን አሉኝ እናቴ?»

«ዘፈንሽን ሰማሁት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ቀረብሽ አልሽኝ። ዓይኔ ደከመ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ልጄ አጠገቤ ነው፣ ጎተራዬ ሙሉ ነው። ምኑ ነው የቀረብኝ?»

«እናቴ፣ እኔ እርስዎን አላልኩም! ምን ሆኜ እላለሁ?»

«ታዲያ ማንን ነው?»

ልጅዎ እኔን ያለው ነው ልበላቸው? ስልኩን ዘጋሁ። ወዲያው ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ያ ቃል ጠብቆ ነው ላልቶ?»

የትኛው ቃል ብሎ አልጠየቀኝም። ከጀርባው ዶሮዋ ትሰማለች።

«አንቺ እንዴት አነበብሽው?»

«ዘፍኜው ሰምተኸኛል እኮ።»

«እንግዲያው እንደዘፈንሽው ይሁን።»

«ይሁን ማለት ምን ማለት ነው? አንተ ነህ የጻፍከው!»

«የጻፍኩትማ እኔ ነኝ...» አለና ኔትወርኩ ሄደ። ደግሜ ብደውል የለም። በማግሥቱም የለም። የቢቸና ኔትወርክ ሲሄድ የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ለመመለስ ግን አይቸኩልም። እኔም መልእክት የሚባል ነገር ፈራሁ። ቢጽፍልኝስ ምን ይጠቅመኛል? የሚጽፈው በዚያው ፊደል አይደል?

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ በዚያው ሹፌር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። «ከሰዓት እመለሳለሁ፣ ቦታ ያዝልኝ» አልኩት። «ከኋላ መስኮት ጋ፣ ያንቺ ነው» አለኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

ግንደወይን ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲወጣ፣ ይሄ ሹፌር ምን ነካው፣ ዘፈኑን ከፈተው። በመስታወቱ አየኝ፤ እንዳትናገር ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አዲስ የገባች የጌሾ ነጋዴ ከረጢቷን በጉልበቷ መሃል አስገብታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ይቺ ሴትዮ ግን ጨካኝ ናት» አለች። «ባሏን የቀማቻትን ነው። ቀረብሽ፣ ባሌ ወደኔ ተመለሰ ነው የምትላት።»

«ኧረ እንኳን መጣሽ ነው የምትለው!» አለች ሌላዋ ከኋላ። «እህቷ ከዓረብ አገር ስትመለስ የዘፈነችው ነው። እኔ ታሪኩን አውቃለሁ።»

«ከየት ነው የምታውቂው?»

«የሚያውቅ ሰው ነው የነገረኝ።»

አጠገቤ የተቀመጠው የጤና ባለሙያ ነው፣ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ። ዳኝነት ጠየቁት። «እኔን ተዉኝ» አለ እየሳቀ። «ይሄ ማጥበቅ ማላላታችሁ ቀርቶ ተራው አማርኛችሁም እስካሁን አልገባኝም። ባለፈው አንዲት እናት ‹ይበላኛል› ሲሉኝ የምግብ ፍላጎት መሰለኝ፣ ለካ እከክ ነው።»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሳላስበው ዓይኔ እንባ ሞላ። ድምፁ የኔ ነው፣ ቃሉ የባለቤቴ ነው፣ ትርጉሙን ግን የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ ሲከራከሩ ሰማኋቸው። አንዴ ለጌሾ ነጋዴዋ ስፈርድ፣ አንዴ ለሌላዋ ስፈርድ ቢቸና ገባን።

አማቴ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው።

«ማን ነህ?»

«እኔ ነኝ እናቴ፤ ከሞጣ።»

«ዘፋኟ?»

«አዎ።»

«ግቢ። ምኑ እንደቀረብኝ ዛሬ ትነግሪኛለሽ።»

ሳምኳቸው። ባለቤቴ ድምፄን ሰምቶ ከቤት ወጣ። ከስቷል። ክራሩን እንደያዘ ነው፣ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው ይመስል። ሰላም አልተባባልንም።

«ጠብቆ ነው ላልቶ?» አልኩት።

«አረፍ በይ እንጂ መጀመሪያ። ውሃ ልስጥሽ?»

«ውሃ አልፈልግም። ቅኔም አልፈልግም። በደረቅ አማርኛ ንገረኝ።»

እናቱ ምስሩን አቆሙ። «እኔም ልስማ። ዘፈኑ የሴት ነው፣ የተዘፈነውም ለሴት ነው። እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ሴት ማን አለ?»

«ለእሷ ነው እናቴ። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ለእሷ ከሆነ ለምን እሷው ትዘፍነዋለች?»

ተያየን። እውነት ለምን? ከዚያ በፊት ማንም እንደዚያ አድርጎ ያልጠየቀን ነገር ነው። እኔ ስለ «ሽ»ዋ ላስረዳቸው ጀመርኩ፣ መሃል ላይ ለራሴም ተምታታብኝ።

«አንቺ ስትዘፍኚው ስሰማ» አለ እሱ፣ ክራሩን እያየ፣ «መልስሽ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። እኔ ነይ ስል አንቺ አልመጣም ያልሽኝ መሰለኝ። ካለችማ ትበል፣ ይውጣ አልኩ።»

«እና ላልቶ ነዋ የጻፍከው?»

እዚህ ላይ አዎ ቢለኝ ኖሮ በደስታ እልል እል ነበር፣ ምናልባትም አላምነውም ነበር። ከመለሰልኝ በኋላ ላልቶ ነው ማለት ለማን ያቅታል? እሱ ግን አዎ አላለም።

«ስጽፈው ላልቶ ነበር» አለ። «እመጣለሁ ባልሽኝ ሰሞን፣ ስትመጪ ልዘፍንልሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሳትመጪ ስትቀሪ ተውኩት። ኋላ ስልክልሽ...»

«ስትልክልኝ?»

«ስልክልሽ ጠብቆብኝ ነበር።»

እናቱ «አይ ልጄ» አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም፣ እኔንም እሱንም አላዩም።

ከሞጣ ስነሳ ሁለት መልስ ነው የጠበቅሁት፤ ለአንዱ ሳቅ፣ ለአንዱ ለቅሶ አዘጋጅቼ። ይሄ ሦስተኛው ምን እንደሚደረግበት አላወቅሁም። ልቆጣ ፈለግሁ፣ ግን ስንቱን ቀን ብቻውን እዚህ ቁጭ ብሎ አንዲት ፊደል ስትጠብቅበት እንደኖረ አሰብኩ። እኔም ሞጣ ላይ ያንኑ ስሠራ ነበር። አፌ እንደገና ያንኑ ጠየቀ።

«አሁንስ?»

«አሁን?»

«አዎ፣ አሁን። ተበላሽቷል? አብቅቷል?»

አማቴ በዚያው ቅጽበት የምስሩን ሰፌድ አንስተው ገለባውን አንገዋለሉት፤ ዶሮዋም ሮጣ መጣች። በዚያ ሁሉ ኳኳታ መሃል ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝና «አልቀረብሽም» አለኝ።

ይሄ ደግሞ ላልቶ ከሆነ አልተጠጋሽኝም ነው፤ ጠብቆ ከሆነ አላመለጠሽም፣ አለሁልሽ ነው። የመጀመሪያው እንዳይሆን፣ ይኸው ፊቱ ቆሜያለሁ፣ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ሁለተኛው እንዲሆን ደግሞ ፈልጌያለሁ፣ ሰው የፈለገውን ነገር ሲሰማ ጆሮው አይታመንም። ጠብቆ የሰማሁት መሰለኝ። ከንፈሩ «ብ» ላይ ትንሽ የቆየ መሰለኝ። ድገምልኝ ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ቢደግመውና ላልቶ ቢመጣብኝስ?

ነጠላዬን ከራሴ አወረድኩና አማቴ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ምስሩን አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ። እሱ በርጩማ አምጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ሱቁ ሰኞ ማን እንደሚከፍተው፣ ሀጂ ምን እንደሚሉኝ፣ ዘፈኑን ሌላ ጊዜ ብንቀርጸው «ብ»ዋን ምን እንደማደርጋት አላውቅም ነበር። ዛሬም ቁርጡን አላውቀውም።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ ተመልሷል። ሹፌሩ ነው።

«እህት ዓለም፣ ልንነሳ ነው፣ የት ደረስሽ? መስኮት ጋ ያለው ቦታሽን ሰው እየጠየቀኝ ነው።»

ባለቤቴ ክራሩን መቃኘት ጀምሮ ነበር፤ እጁን አቆመ። አማቴም ጣታቸውን አቆሙ።

«ስጠው» አልኩት።